መጨረስ የማትችለው አያቴ

ጁን 9

የዝናቡ ወቅት ገባ። ከዛሬ ጀምሮ ፎጣ አይደርቅም፣ ዳቦ ይሻግታል፣ ጸጉሬ የተቆጣች ድመት ይመስላል። መውጣት የለም። ደግነቱ እቤት ውስጥ የሚያስቅ ነገር አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ የሚያስቀኝን ነገር ካልጻፍኩት ሳቄ ራት ላይ ያመልጠኛል።

የዛሬው፦ አያቴ ሱሚዬ ስልክ ተደወለላት። አያቴ በስልክ ሰው ስታነጋግር ሰውየው እንደማያያት ትረሳና እጅ ትነሳለች። ዛሬ ግን ግንባሯ ግድግዳውን እስኪነካ ነው ያጎነበሰችው። ስንብቷማ አይወራም። “እሺ፣ እሺ፣ በሉ እሺ፣ አዎ፣ በሉ” ብላ እስክትዘጋ ድረስ አንድ ድስት ሩዝ ይበስላል።

“ኦርኬስትራ ሊጫወተው ነው” አለች በመጨረሻ።

“ምኑን?”

“የጨው መንገደኛን።”

የጨው መንገደኛ አያቴ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደወጣች ተቀጥራ ዜማ የሠራችለት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጨዋታ ሠርታለች፤ ለቴሌቪዥን ካርቱንም እንዲሁ። ቶፉ፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ እየዞረ የሚሸጠው ሮቦት ዜማ የእሷ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ የሚያንጎራጉረው ያን የመጀመሪያውን ነው፤ ትንሹ ነጋዴ ጨው ተሸክሞ የሚሄድበትን። ያንጎራጉሩታል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቁም። ኩባንያው በዚያን ዘመን ሌላ ኩባንያ ሠራተኞቹን እንዳይነጥቀው ስማቸውን ይደብቅ ነበር። በጨዋታው መጨረሻ የሚወጡት ስሞች በሙሉ አትክልት ናቸው። አያቴ ቀጭንና ጠይም ስለነበረች ጎቦ ተባለች፤ ያቺ ከአፈር ተስባ የምትወጣ ረጅም ጥቁር ሥር። ፕሮግራሙን የጻፉት አቶ ኩዜ ዱባ ነበሩ። አሁንም ናቸው።

“ነሐሴ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ባለው ትልቁ አዳራሽ” አለች አያቴ። “ማስታወቂያው ላይ በእውነተኛ ስሜ ነው የሚያወጡኝ።”

ከዚያ ሄዳ ሳህን አጠበች። ታጥቦ የተደረደረውን ሳህን።

ጁን 14

አቶ ኩዜ መጡ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ “ሦስት ድምፅ ብቻ ነበር የነበረን!” አሉ። ሁሌም እንዲህ ነው የሚገቡት። የድሮው ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ሦስት ድምፅና አንድ ኮሽታ ብቻ ነበር፤ አያቴም በሦስት ድምፅ ባሕር ሠራች፣ ገበያ ሠራች፣ ሐዘን ሠራች። ይህን ከእሳቸው አፍ የሰማሁበትን ቀን ብቆጥር ኖሮ ሒሳብ ባልወደቅሁ።

“ጎቦ፣ ትዝ ይልሻል? ለመርከቧ ዜማ ቦታ ጠፍቶ ከዓሣዎቹ ላይ ሁለት ክንፍ ቀነስኩልሽ” አሏት።

“ዓሣዎቹ እስከዛሬ በጎናቸው ነው የሚዋኙት” አለቻቸው።

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያረጁ ሰዎች የሚስቁበት ነገር አይገባኝም። (ቆይ፣ የዓሣውስ ይገባኛል።)

ጁን 21

ጉድ ነው። በዝርዝር ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

የመጀመሪያው ልምምድ ነበር። እማዬ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራ መቅረት ስላልቻለች ቦርሳ ተሸካሚ ሆኜ ሄድኩ። የኦርኬስትራው መሪ አቶ ሂዳካ ወጣት ናቸው፤ ማለቴ እንደ እማዬ። አያቴን ሲያዩ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። በልጅነታቸው ጨዋታውን ሲጫወቱ የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሙሉ ቆዳቸው ፀሐይ ሳያይ መቅረቱን ነገሯት።

ተጀመረ። መጀመሪያ ዋሽንቱ ብቻውን፣ ከዚያ ሁሉም። ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ፤ ማቀዝቀዣው ኃይለኛ ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ጥሩ፣ ድግም ነው። እንደገና መጨረሻው ደረሱ፤ እንደገና ተመለሱ። በሦስተኛው ዙር ዋሽንት ነፊው ፊቱ የቀቀሉት ሸርጣን መሰለ። አቶ ሂዳካ እጃቸውን ሳያቆሙ ዞር ብለው አያቴን አዩዋት። አያቴ የገብስ ሻይዋን ከፔርሙዝ እየቀዳች ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ ግሩም ነው፣ ቀጥሉ ማለቷ ነው። ቀጠሉ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው እጃቸውን ጣሉ።

“ወይዘሮ ሚናሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የት ላይ ነው የምናቆመው?”

አያቴ ከልቧ ተገርማ “ለምን ታቆማላችሁ?” አለቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ግን በባቡሩ ጆሮዋ እስከ ቤት ድረስ ቀልቶ ነበር።

ለካ አያቴ በሕይወቷ መጨረሻ ያለው ዜማ ጽፋ አታውቅም! የጨዋታ ዜማ ይዞራል እንጂ አያልቅም። ተጫዋቹ ጨዋታው ውስጥ ያለው የጨው በር ላይ ቁጭ ብሎ ቢያስብስ? ሽንት ቤት ቢሄድስ? ዜማው ካለቀ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ካርቱኑንም ቢሆን የሚቆርጠው ዳይሬክተሩ ነው፣ ድምፁን የሚቀንሰው ባለሙያው ነው። ኦርኬስትራ ግን የሚቀንሱበት ቁልፍ የለውም።

መተላለፊያው ላይ ሁለት ቫዮሊን ተጫዋቾች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ “የጨዋታ ሰዎች ናቸው፣ መሰኪያው ነው የሚጨርስላቸው” አለች። የኦርኬስትራው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከኋላቸው፣ አይጨነቁ፣ አቀናባሪ መጨረሻ ያበጅለታል፣ አሮጊቷ ስሟ መውጣቱ ይበቃታል አለች። አያቴ ከፊቴ ነበረች፣ ጃንጥላዋን እየፈለገች። አልሰማችም። አልነገርኳትም።

ጁን 27

አያቴ መጨረሻውን ራሷ ልታበጅለት ተነስታለች። የመጀመሪያው ሙከራ፦ መለከት። አቶ ኩዜ በስልክ ሰምተው “የከንቲባ ቀብር ይመስላል” አሉ። አያቴ ከበሮ ጨመረችበት። አሁን ከንቲባው የተነሡ ይመስላል።

ጁን 30

ቀስ እያለ የሚጠፋ። እማዬ፦ “ባትሪ ያለቀበት መጫወቻ።” እማዬ ሐሳቧን ሳትጠየቅ ትሰጣለች። ሐሳቧ ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

ጁላይ 3

ፈተና ነገ። አያቴ ፒያኖዋ ላይ። ያው አራት ኖታ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው። እግሯ ራሱ የሚመልሳት ይመስለኛል፤ ውሻ ሲሸኙት ተመልሶ በር ላይ እንደሚገኘው።

ጁላይ 7

የታናባታ በዓል። የገበያው መተላለፊያ ላይ ቀርከሃ ቆሟል፤ ሰዉ ምኞቱን በባለቀለም ወረቀት ጽፎ ያንጠለጥላል። አያቴ እንደየዓመቱ “ጤና ለሁሉም” ብላ ጻፈች። እኔ አዲስ ስልክ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቴን ከላይኛው ቅርንጫፍ፣ በወንበር ወጥቼ፣ ጀርባውን አዙሬ አሰርኩት። ስልክ የግል ጉዳይ ነው።

ጁላይ 10

የሒሳብ ውጤት መጣ። ስለሱ ይህ ደብተር ዝም ይላል።

እቤት ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ አያቴ “ናጊ፣ ነይማ ይሄን ስሚልኝ፣ ይሄስ?” አለችኝ። ሰማሁት። ጥሩ ነበር፣ ግን መጨረሻ አልነበረም። እሷም ታውቃለች፤ አይኔን እያየች ነበር የምትጫወተው። እኔም አፌን በቆረጠው፣ “አንቺ እኮ ስልክ እንኳ መዝጋት አትችዪም። ለአቀናባሪው ስጪውና እንገላገል” አልኳት።

“እሱም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አመሰግናለሁ” አለችኝ።

አመሰግናለሁ! ለእኔ! አያቴ ስትቆጣ ትሳደባለች፣ ስትደሰት ትሳደባለች። የምታመሰግነው የባንክ ሰዎችን ነው።

ጁላይ 13

ዝናቡ አበቃ፤ ሙቀት ጀመረ። የፒያኖው ክዳን ተዘግቷል። ላዩ ላይ በጨው የተዘፈዘፈው ፕሪም ማሰሮ ተደርድሮበታል፤ ሰፈር ሁሉ ፕሪሙን ፀሐይ ላይ የሚያሰጣበት ሳምንት ስለሆነ ቦታ ጠቦ ነው ትላለች እማዬ። ቦታ እንኳ አልጠበበም።

ለአቶ ሂዳካ ስትደውል ከበሩ ኋላ ነበርኩ። (መዝገበ ቃላት ፈልጌ።) ለአቀናባሪው ስጡት አለቻቸው። እሳቸው እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ሳይሏት አልቀረም፣ ምክንያቱም እንዲህ አለች፦ “ልጄ፣ ያን ዕለት መተላለፊያው ላይ የተባለውን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ነው እኮ ያበላኝ። የተባለውም ልክ ነው። የሠራሁትን ሁሉ ሌላ ሰው ነው የጨረሰልኝ።”

ለአንዴም ቢሆን ስንብቷ አጭር ነበር። ያንን ነው የጠላሁት።

ጁላይ 19

ዕረፍት። ዕቃ ቤት ውስጥ የድሮውን ማሽን አገኘሁና አያቴ ክፍል ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ማቀዝቀዣው በደንብ የሚሠራው እሷ ክፍል ብቻ ነው።

“ድምፁን ቀንሺው” አለች።

“ቁልፉ ተበላሽቷል” አልኳት። አልተበላሸም።

ጁላይ 21

የጨው መንገደኛ ጭካኔ ነው። በዚያ ዘመን ጨዋታው ራሱን አያስቀምጥም። ማቆም የፈለገ ሰው መንደር ውስጥ ያለውን ሽማግሌ ፈልጎ ሃያ ምናምን ፊደል ያለው የይለፍ ቃል በወረቀት ይገለብጣል፤ ሲመለስ ያንኑ ያስገባል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ከዜሮ። የሽማግሌውን መልክ ሳየው አቶ ኩዜን ይመስላል። ጠየቅኳቸው፤ ራሳቸው ናቸው።

አያቴ ጋዜጣ ታነባለች። ገጹን አትገልጥም።

ጁላይ 23

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ ሙሉ ስጫወት ቆየሁ። በረሃውን አልፌ፣ ሽፍቶቹን አምልጬ፣ የጨው በር ጋ ልደርስ ትንሽ ቀርቶኛል። ሽማግሌው ከበሩ ማዶ ነው። ዜማው ይዞራል፣ ይዞራል። ያን ጊዜ አስራ አንድ ሰዓት ሆነና ከከተማው ድምፅ ማጉያ ደወሉ ተለቀቀ፤ በየቀኑ ልጆችን ወደ ቤት የሚያስገባው። ከእኛ ሰፈር ምሰሶ ላይ ይጀምራል፣ የሐይቁ ዳሩ ትንሽ ዘግይቶ ይከተለዋል፣ የኮረብታው ከዚያም ዘግይቶ። ሁሌም እንደተጣላ መዘምራን ነው። እኔ በሩጫ ላይ ነኝ፤ ደወሉ ሳያልቅ በሩን ማለፍ አለብኝ ብዬ ጣቴ እስኪያመኝ እጫናለሁ።

አያቴ ዓይኗን ከጋዜጣው ሳታነሳ እጇን ዘረጋችና መሰኪያውን ነቀለችው።

ጨለመ። ዜማው መሃሉ ላይ፣ ሊወርድ ከፍ ባለበት ቦታ ላይ ተቆረጠ። የቀረው የውጭው ደወል ብቻ ነበር።

“አያቴ!”

“አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል” አለች። ከዚያ እጇን አየችው። ገመዱ እጇ ላይ ነው።

“ከቀትር ጀምሮ የደከምኩበትን!” ብዬ ጮህኩ። “የራስሽን ዜማ እኮ ነው የነቀልሽው! ደግሞ መጨረስ አልችልም ትያለሽ!”

እማዬ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጫማዋን አንዱን አውልቃ፣ አንዱን በእጇ ይዛ። “እኔንም እንደዚህ ነበር የምታደርገኝ” አለች። “ልጅነቴን ሙሉ። ልክ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ። ጓደኞቼንም እናቶቻቸው እንዲሁ። ከደወሉ በኋላ ያለውን ማናችንም ሰምተነው አናውቅም።”

አያቴ ደወሉ እስኪያልቅ ገመዱን ይዛ ቆመች፤ የኮረብታው እስኪያልቅ። ከዚያ ፕሪሞቹን ከፒያኖው ላይ ማውረድ ጀመረች።

“ናጊ፣ አትቁሚ፣ ያዢልኝ። ምን ዱባ ሆነሽ ትገተሪያለሽ!”

ተሰደብኩ። ተመስገን።

ጁላይ 26

በሩ ዝግ። ሩዝ በሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ባዶ ሳህን እወስዳለሁ። ስታንጎራጉር ይሰማል። እማዬ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ሁለቴ ሞከረች፤ ሁለቴም ተባረረች።

ጁላይ 31

ሁለተኛው ልምምድ። አቶ ሂዳካ የመጨረሻውን ገጽ አነበቡ፣ ወደኋላ ገለጡ፣ እንደገና አነበቡ። ሥራ አስኪያጇ፣ እዚህ ጋ የተሳሳተ ነገር አለ መሰለኝ፣ የተቆረጠ ይመስላል አለቻቸው። እሳቸው “አልተሳሳተም፤ ነቅለውታል” ብለው ሰው ሁሉ ፊት መሳቅ ጀመሩ።

አያቴ የጨመረቻቸው ደወሎች ከአዳራሹ ውጪ፣ መተላለፊያው ላይ ይሆናሉ፤ ሦስት ቦታ፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ እየዘገየ። ያ የተወራበት መተላለፊያ። በሩን በሰዓቱ የሚከፍት ሰው ያስፈልግ ነበር። አያቴ አቶ ኩዜን ሾመቻቸው። ሚስታቸው ደውለው፣ እቤት የቁም ሣጥኑን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ እንደሚውሉ ነገሩን።

ኦገስት 15

ነገ ነው። አያቴ ማስታወቂያውን በአዳራሹ በር ላይ አይታው መጣች። ምን ይላል ስላት “ጽሑፉ ትልቅ ነው” አለች። ሌላ አልወጣትም።

እማዬ፣ ሰው ባይመጣስ፣ ዝም ቢሉስ፣ የተበላሸ ቢመስላቸውስ እያለች ልብሷን አራት ጊዜ ቀየረች። እኔ ምንም አልተጨነቅሁም። ሆዴን ያመመኝ ሐብሐብ ነው።

ኦገስት 16

ሰው መጥቷል። አዳራሹ ሞልቶ ደረጃው ላይም ቆመዋል። ራሰ በራዎች፣ ከረባት ያሰሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የረሱ፣ ልጆቻቸውን በግድ ጎትተው ያመጡ። የአባቶች ስብሰባ ነው የሚመስለው። በልጆቹ ፊት ላይ የማውቀውን መሰልቸት አየሁ።

ዋሽንቱ ጀመረ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ገና በሁለተኛው ኖታ አፍንጫውን ጠረገ። አንደኛው ዙር አለፈ። በሁለተኛው ዙር ሰዉ በመቀመጫው ላይ መወዛወዝ ጀመረ፤ በዚያ እድሜያቸው። ሦስተኛው ተጀመረ። ያን ጊዜ፣ ከሩቅ፣ ከመተላለፊያው፣ ደወል።

ኦርኬስትራው ያልሰማ መስሎ ቀጠለ። አያቴ እንዲህ ነው የጻፈችው። እንዲያውም ፈጠን አሉ። ሁለተኛው ደወል ዘግይቶ ገባ፤ የበለጠ ፈጠኑ። ሦስተኛው። አቶ ኩዜ በሩን ከፈቱት፤ መጀመሪያ የአንድ ጣት፣ ከዚያ የአንድ ክንድ ያህል፣ እንደተለማመዱት ቀስ እያሉ። ደወሉ ወደ አዳራሹ ገባ። ቫዮሊኖቹ ሩጫ ላይ ናቸው፣ ያቺ መተላለፊያ ላይ ያወራችው ሴትዮ ጸጉሯ ተበትኗል፣ ከበሮው እየተንደረደረ ነው፣ በሩ ጋ ሊደርሱ ነው፣ ዜማው ሊወርድ ከፍ አለ፤ ተቆረጠ።

ሁሉም። ቀስቶቹ አየር ላይ ቀሩ። ደወሎቹ ብቻ፣ አንዱ ከአንዱ እየዘገየ፣ እስኪያልቁ። የመጨረሻው አለቀ።

ማንም አላጨበጨበም። እማዬ እጄን ጨበጠችው፤ አጥንቴ ተንቋቋ። አያቴ ጎኔ ተቀምጣ ፔርሙዟን አቅፋዋለች። እኔም በሆዴ እባካችሁ፣ እባካችሁ እላለሁ (ቶሎ ወደ ቤት እንድንሄድ ነው)።

ከዚያ ከመሃል አዳራሹ የአንድ ሰው ድምፅ መጣ። የጎልማሳ፣ የወፈረ ድምፅ፣ እንደ ልጅ እየተነጫነጨ፦

“እማዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!”

አዳራሹ ፈነዳ። ሳቅ ነው ልቅሶ ነው ለመለየት አይቻልም፤ ሁሉም በእግሩ ቆሟል። ከግራ “አምስት ደቂቃ!”፣ ከደረጃው “እማዬ፣ ልጨርስ ነው!” ይላሉ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ለልጁ “አየሽ? አየሽ? እዚህ ጋ ነበር፣ ልክ እዚህ ጋ!” ይላታል፣ ልጅቷም እንደ አዲስ ሰው ታየዋለች። ቫዮሊን ተጫዋቿ ሴትዮ ቀስቷን በኖታ መቆሚያው ላይ ታንኳኳ ነበር፤ ዋሽንት ነፊው መድረኩን በእግሩ ይመታል።

አቶ ሂዳካ ወርደው አያቴን በእጃቸው ይዘው አወጧት። መድረኩ ላይ ስትቆም በጣም ትንሽ ናት። ስሟን ሙሉውን ጠሩት፤ ሚናሴ ሱሚዬ። እጅ ነሳች። ለሰዉ፣ ለኦርኬስትራው፣ ለደወሎቹ፣ እንደገና ለሰዉ። በስልክ ላይ እንዳለች ማቆም አቃታት፤ ጭብጨባውም አላቆመም፣ ስለዚህ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

አቶ ኩዜ አበባ ይዘው ወጡ። አበባ አልነበረም። በወርቃማ ሪባን የታሰረ፣ አፈሩ ያልተራገፈ አንድ እቅፍ ጎቦ ነው። አያቴ ተቀበለችው፣ አሸተተችው፣ ጉንጯን አስጠጋችበት። ፊቷ ላይ አፈር ነበር። ማይክራፎኑን ሲሰጧት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

“በሉ እንግዲህ፣ ወደ ቤት ግቡ።”

የማቀዝቀዣው አየር ዓይን ያደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ያለቅሳል፤ ሳይንስ ነው።

ስንወጣ እማዬ ጆሮዬ ሥር “ታዲያ ታናባታ ላይ የተመኘሽው ስልክ ተገኘ?” አለችኝ። ያንን ወረቀት እንዴት እንዳነበበችው አላውቅም። በወንበር ወጥቼ ነበር የሰቀልኩት።

ኦገስት 18

ትናንት ጎቦ ወጥ። ዛሬም ጎቦ ወጥ። ነገ አቶ ኩዜ ራሳቸው መጥተው ይጨርሱታል፤ በሩን እንዴት እንደከፈቱት ለሦስተኛ ጊዜ ሊተርኩልን ነው።

ስልኩ አላረፈም። አንድ የካርቱን ዳይሬክተር፣ ደግሞ ሌላ ኦርኬስትራ። አያቴ “እሺ፣ እሺ፣ በሉ እሺ” ስትል ዋለች። ሩዙ አረረ።

አመሻሽ ላይ እሷ ክፍል ነበርኩ፤ ለማቀዝቀዣው። ከዜሮ ጀምሬ እንደገና በረሃውን አልፌአለሁ። የጨው በር ታየኝ። አስራ አንድ ሰዓት ሆነና የእኛ ሰፈር ደወል ጀመረ። አያቴ ተነሣች፤ እጇ መሰኪያው ላይ ደረሰ። እኔ ዞር ብዬ አላየኋትም፣ ጣቴም አልቆመም። የሐይቁ ዳሩ ደወል ገባ። የኮረብታው ገባ።

ከዚያ ጎኔ የሣር ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁ።

“አምስት ደቂቃ ብቻ” አለች።

በሩን አልፈን ገባን። ማዶ ያለው ዜማ ምን እንደሚመስል እማዬ አታውቀውም ነበር፤ ከወጥ ቤት ማንኪያዋን ይዛ መጥታ ቆማ ሰማችው። ባረረው ሩዝ ፋንታ የጣደችው ኑድል ይፈርሳል አለችን፣ ግን ራሷም አልተመለሰችም። ዜማው ዞረ። ደግሞ ዞረ። ማንም አልነቀለውም።